በመስኮት በኩል ያለው እጅ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገና አልሞላም። የመኪና መንዳት አሰልጣኟ ጫማ ሳታጠልቅ፣ በካልሲዋ ብቻ ወደ ማድ ቤት ስትሄድ የልጇን ድምፅ ሰማችና መተላለፊያው መሃል ላይ ቀጥ አለች።

«ምን እንደሆነ እስኪታወቅ ድረስ ሕፃኗን ባትይዛት ነው የሚሻለው» ትላለች ልጇ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንተ ንገራት።»

«እናትሽ ናት እኮ» አለ ባልዬው። «እኔ ምን ብዬ ነው የምነግራት?»

«በቀስታ ነዋ። እኔ ከነገርኳት ትቀየመኛለች።»

«እኔስ ብነግራት?»

«አንተን ብትቀየምህ ምን ትሆናለህ? ትችለዋለህ።»

አሰልጣኟ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ያን ጊዜ የዘጠኝ ቀኑ ነገር አንድ ባንድ ተገጣጠመላት። ዘጠኝ ቀን ሙሉ፣ ማታ ከሥራ ገብታ ሕፃኗን ልትቀበል እጇን በዘረጋች ቁጥር፣ ወይ «አሁን ገና ተኛች» ይሏታል፣ ወይ «ልትጠባ ነው»፣ ወይ «ርሳለች፣ ልብስሽን ታበላሽብሻለች»። ከሌሎቹ ጋር መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ የነበረው የሻይ ብርጭቆዋ ለብቻው መስኮቱ ደፍ ላይ ተደፍቶ መዋል ከጀመረም ሰንብቷል። ፎጣዋም ከሌሎቹ ፎጣዎች ተለይቶ ከበሩ ጀርባ ካለው ምስማር ላይ ተሰቅሏል። እሷ ግን ልጇ ከወለደች ወዲህ ያመጣችው የንጽሕና አባዜ ነው ብላ በሆዷ ስቃ አልፋው ነበር። ቤቱ የራሷ ነው። ልጇ ስታረግዝ፣ የኪራይ ወጪ ይቅርላችሁ ብላ ባልና ሚስቱን ከነዕቃቸው ያስገባቻቸው እሷ ናት። ሰፊውን ክፍል ለቃላቸው፣ ልብስ መተኮሻው ከሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ገብታ የምትተኛውም እሷ ናት። እና አሁን በገዛ ቤቷ መተላለፊያ ላይ፣ ስለ ራሷ የሚወራውን እንደ ሌባ ቆማ ታዳምጣለች።

ቀኝ እጇን አንስታ በጠዋቱ ብርሃን አየችው። ከጣቶቿ አንጓ እስከ ክንዷ አጋማሽ ድረስ ጥቁር ቡናማ ነጠብጣብ ወርሶታል፤ አንዳንዱ ምስር የሚያክል፣ አንዳንዱ ባቄላ የሚያክል። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ያለው ቆዳ ደግሞ ተልጦ ቀልቷል። ነጠብጣቡ የቆየ ነው፤ የእርጅና ነው ብላ ትታው ነበር። መላጡ ግን የመጣው በቅርቡ ነው፣ ልጇ ከመዋቢያ ሱቅ ገዝታ ያመጣችላትን ቅባት ጠዋትና ማታ መቀባት ከጀመረች ወዲህ። ግራ እጇ ሙልጭ ያለ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታያቸው የሁለት ሰው እጅ ይመስላሉ።

ጉሮሮዋን ጠረገች፣ እርምጃዋን ሆን ብላ አከበደችና ገባች። የልጇ ባል ብድግ ብሎ «እማማ፣ እንደምን አደሩ» አለና ወንበሩን ለቀቀላት። ልጇ ከመስኮቱ ደፍ ላይ ብርጭቆውን አንስታ ሻይ ቀዳችላት። ሦስቱም ዳቦ ቆረሱ። የልጇ ባል ሁለት ጊዜ አፉን ከፈተ። በመጀመሪያው፣ ከሰዓት በኋላ ውሃ ይጠፋል ሲባል መስማቱን አወራ። በሁለተኛው፣ ዘንድሮ ዝናቡ እንደቆየ ተናገረ። ሚስቱ ዓይኗን ተክላበታለች። በሦስተኛው ሰዓቱን አየና፣ አርፍጃለሁ ብሎ ዳቦውን ሳይጨርስ ወጣ።

«ሕፃኗስ?» አለች አሰልጣኟ።

«ተኝታለች» አለች ልጇ።

ወዲያው ከሰፊው ክፍል ሕፃኗ ብቻዋን ስታወራ፣ እእ ስትል ተሰማ። እናትና ልጅ ሁለቱም ሰሙ። ሁለቱም ሻያቸውን ጠጡ። አሰልጣኟ ብርጭቆዋን ራሷ አጠበች፣ ቦርሳዋን አነሳችና ደህና ዋይ ሳትል ወጣች።

የማሰልጠኛው ግቢ ከነዳጅ ማደያው ጀርባ ነው፤ አምስት መኪኖች፣ አንድ ቢሮ፣ በኖራ የተሰመረ የማቆሚያ መለማመጃ። እሷ የምትሠራባት ነጯ መኪና የፊት መከላከያዋ በስንቱ ለማጅ ተጋጭቶ ስንቴ እንደተቃና ራሷም አታስታውስም። ከእግሯ ሥር ሁለተኛ ፍሬን አለ። ሰልጣኞች በሌለችበት «እማማ ፍሬን» እያሉ እንደሚጠሯት ታውቃለች፤ አልከፋትም፣ እንዲያውም አንድ ቀን ቢሮ ስልክ ተደውሎ «እማማ ፍሬን አሉ?» ሲባል «አለሁ» ብላ የመለሰችው ራሷ ናት። ሃያ አራት ዓመት በዚያ በቀኝ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። የመኪናዋ ማቀዝቀዣ ከመጀመሪያውም ስለማይሠራ መስኮቱ ሁልጊዜ ክፍት ነው፣ ቀኝ ክንዷም ሁልጊዜ መስኮቱ ላይ ነው።

የጠዋቷ ሰልጣኝ ባንክ ቤት የምትሠራ ወጣት ሴት ናት። የመንጃ ፈቃድ ፈተናዋ ነገ ነው። ጥሩ ታጠናለች፣ የመንገድ ምልክቶችን ከነትርጉማቸው በቃሏ ትወጣቸዋለች፤ አስፋልት ላይ ስትወጣ ግን ማርሹ ይምታታባታል። ዛሬ ደግሞ ሌላ ነገር ጨምራለች። ገና ስትገባ ቁልፉን ከአሰልጣኟ እጅ ስትቀበል በሁለት ጣቷ ጫፍ ነበር፤ ከዚያም ወንበሯ ላይ ወደ ግራ በር ተጠግታ፣ እንደ ተጣላ ሰው ጎኗን ሰጥታ ተቀመጠች። አሰልጣኟ አየች። «መስተዋት» አለች። «ቀበቶ። ፍሪሲዮን። እንሂድ።»

አደባባዩን እስኪዞሩ ድረስ ሁሉም ደህና ነበር። ከአደባባዩ ወጥተው ቁልቁለቱን ሲጀምሩ የባንኳ ሠራተኛ ማርሽ መቀነስ ሲገባት ተሳሳተች፤ መኪናዋ እየተንደረደረች ወደ ቀኝ ጠርዝ መንሸራተት ጀመረች። አሰልጣኟ ግራ እጇን ማርሹ ላይ አሳረፈች። መሪውን ለማቃናት ደግሞ፣ እንደ ወትሮዋ፣ ቀኝ እጇን በፊቷ አሻግራ ሰደደች። የባንኳ ሠራተኛ ያ የተላጠ፣ ነጠብጣብ የሞላበት እጅ ወደ እጇ ሲመጣ አየችና ሁለቱንም እጇን ከመሪው ላይ አነሳች። ከነጭራሹ ለቀቀችው፣ ደረቷ ላይ ሰበሰበቻቸው።

መሪው ለአንድ አፍታ ባለቤት አልነበረውም። ከፊታቸው ሁለት ሰዎች ቁም ሣጥን ተሸክመው መንገድ እያቋረጡ ነበር፤ የኋለኛው ፊቱ በሣጥኑ ስለተጋረደ መኪና መምጣቱንም አላየም። አሰልጣኟ መሪውን በቀኝ እጇ ወደ ግራ ጎትታ ፍሬኑን እስከ ወለሉ ረገጠችው። መኪናዋ ጮኸችና ሞተሯ ጠፋ። በመከላከያዋና በቁም ሣጥኑ መሃል የቀረው አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። የፊተኛው ተሸካሚ ዘወር ብሎ አያቸው፣ ከጣሪያው ላይ የለማጅ ምልክቱን አነበበ፣ ራሱን ነቀነቀና «ቀጥል» አለው ጓደኛውን። የኋለኛው ምን እንደተፈጠረ ሳያውቅ ተሻገረ።

አሰልጣኟ የእጅ ፍሬኑን ሳበች። ከኋላ ያለ መኪና ጥሩምባ ነፋ፤ በመስኮቱ እጇን አውጥታ እለፍ አለችው።

«ተንፍሺ» አለች።

የባንኳ ሠራተኛ ታለቅስ ጀመር። «ይቅርታ እትዬ። ይቅርታ። አስቤበት አይደለም።»

«አውቃለሁ። አስበሽበትማ ቢሆን መሪውን አትለቂም ነበር። ስለ እጄ ማን ነገረሽ?»

«ማንም…» አለችና ተወችው። «ትናንት ክፍያ ልከፍል ቢሮ ገብቼ ሲያወሩ ሰማሁ። የሚጋባ ሳይሆን አይቀርም አሉ። እኔ ደግሞ ቤት ውስጥ ልጅ አለኝ።»

አሰልጣኟ ከፊት ለፊታቸው ያለውን ቁልቁለት ተመለከተች። ቤት ውስጥ ልጅ አለኝ። ጠዋት መተላለፊያው ላይ የሰማችውም ይህንኑ ነበር። «አሁን አንቺ ነሽ ወደ ግቢ የምትመልሺን» አለች። «ነገ የሚፈትንሽ ሰው ቢያስነጥስም፣ እባብ ጭንሽ ላይ ቢወድቅም፣ እጅሽ ከመሪው አይነሳም። ገባሽ? አስነሺ።» ቀኝ እጇን ጭኗ ሥር ከታ ተቀመጠች፤ እስከ ግቢው ድረስ በአፏ ብቻ ነዳች።

ስለ እጇ የሚወራው ወሬ ለሥራ አስኪያጁ ቀድሞ ደርሶታል። ወጣት ነው፤ መንዳት ያስተማረችውም እሷው ናት፣ ያውም ሦስት ጊዜ ወድቆ። ቢሮው ውስጥ ወንበር ሰጣትና ጠረጴዛው ላይ ያሉትን እስክሪብቶዎች በልክ በልካቸው መደርደር ጀመረ። ሦስት ሰልጣኞች አሰልጣኝ ይቀየርልን ብለው እንደጠየቁ ነገራት። ስም አልጠራም። ጓንት ብታደርግ ምን ይመስላታል ብሎ ጠየቀ፣ ወዲያው ደግሞ ጓንት የባሰ ያስጠረጥራል ብሎ ራሱ መለሰ። ለጊዜው የንድፈ ሐሳቡን ክፍል ብትይዝስ? ሰሌዳ፣ ጠመኔ፣ ከሰው ራቅ ያለ ነገር።

«እኔ አይደለሁም እማማ» አለ፣ አሁንም ዓይኗን ሳያይ። «እኔማ አውቅዎታለሁ። ሰው ነው። የሰው አፍ እንዴት እንደሆነ ያውቁታል። ብቻ ከሐኪም አንድ ወረቀት ቢያመጡልኝ፣ የማይተላለፍ መሆኑን የሚገልጽ፣ እኔም አፌን ሞልቼ እናገራለሁ።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያ ትንሽ ዕረፍት ቢወስዱ።»

ተነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ዘወር ብላ «ሦስት ጊዜ ስትወድቅ ይቀየርልኝ ያልክ አይመስለኝም» አለችው። የተደረደሩትን እስክሪብቶዎች እንደገና መደርደር ጀመረ።

የቆዳ ሕክምና ክሊኒኩ ከአንድ የቤት ዕቃ መሸጫ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ለካርድ የከፈለችው የሦስት ቀን የትራንስፖርቷን ያህል ነበር። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው ተቀምጧል፣ አንዳቸውም ከአንዳቸው ጋር አያወሩም። ሁሉም አንድ አንድ ነገር ይሸሽጋል፤ አንዷ አንገቷን በሻሽ ጠቅልላለች፣ አንዱ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶታል፣ አንድ ሽማግሌ በዚያ ሙቀት ካልሲያቸውን እስከ ጉልበታቸው ስበዋል። እሷም ቀኝ እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ተቀመጠች። ከጎኗ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። የገባ ሰው ሁሉ እዚያ ልቀመጥ ወይስ ልቁም እያለ ሲያመነታ አየች፤ ከዚያ ግን ልብ ስትል እሷም ራሷ ስትገባ ሻሽ ከጠቀለለችው ሴት አጠገብ ያለውን ወንበር ትታ ነው እዚህ የመጣችው። ይህን ስታውቅ ፊቷን እሳት ለበለባት። ሁለት ሰዓት ከሩብ ጠበቀች።

ሐኪሟ ጠና ያለች ሴት ናት፤ ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ንግግሯም እንደዚያው አጭር። «ሁለቱንም እጅዎን ጠረጴዛው ላይ ያድርጉልኝ» አለች። አሰልጣኟ አደረገች። ሐኪሟ ነጠብጣቡን ሳይሆን ሁለቱን እጆች እያፈራረቀች አየች።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«መኪና መንዳት አስተምራለሁ።»

«በየት በኩል ነው የሚቀመጡት?»

«በቀኝ።»

«እንደሱ ይበሉኛ» አለች ሐኪሟ። «ነጂዎች ግራ እጃቸውን ይዘው ነው የሚመጡልኝ። ቀኝ ሲሆንብኝ ግራ ገባኝ።» ከዚያ ቀኝ እጇን በባዶ እጇ ያዘችና ወደ መብራቱ አዞረችው። ጓንት አላደረገችም። አሰልጣኟ ይህን አየች። ከዘጠኝ ቀን ወዲህ ያንን እጅ የነካው ሰው አልነበረም።

«ፀሐይ ነው» አለች ሐኪሟ። «በመስኮት በኩል ያለው እጅ ነው የተመታው። ከሰው ወደ ሰው አይሄድም፣ አብሮ በመብላትም፣ በመጨባበጥም፣ በምንም።»

«ፀሐይዋ እኮ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ እዚያው ነበረች። ምነው አሁን?»

«ቆዳ ቂም ይይዛል። የዛሬውን ዛሬ አያወጣውም፣ ከዓመታት በኋላ ነው የሚያወጣው። መስኮቱን ብትዘጊውም መስተዋቱ የተወሰነውን ነው የሚያስቀረው።» ሳታስበው አንቺ ብላ ነበር፤ ሁለቱም ልብ አላሉትም። «ያለው ነጠብጣብ ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል፤ እንዳይጨምር ግን ማድረግ እንችላለን። እጅጌው ረጅም የሆነ ስስ ልብስ። የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ጠዋት አንዴ ተቀብተው የሚረሱት ሳይሆን በየሁለት ሰዓቱ የሚደግሙት፣ እጅ በታጠቡ ቁጥርም እንደገና። ይህ የተላጠውስ? ምን ይቀቡበታል?»

አሰልጣኟ ከቦርሳዋ የቅባቱን ትንሽ ነጭ ዕቃ አውጥታ ሰጠቻት። ክዳኑ ላይ የአንዲት ቆንጆ ሴት ሥዕል አለበት፤ ከሥዕሉ በቀር አንድ ቃል የለበትም። ሐኪሟ ከፈተችው፣ አሸተተችው፣ መልሳ ዘጋችውና በአንድ ጣቷ ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ገፋችው።

«ማነው የሰጠዎት?»

«ገዝቼ ነው።»

«ይህ ነጠብጣብ አያጠፋም፣ ቆዳውን ነው የሚልጠው። የተላጠ ቆዳ ደግሞ ፀሐይ አይችልም፣ ይብስበታል። ውስጡ ምን እንዳለበት ያልተጻፈበትን ነገር ሰውነትዎ ላይ አያድርጉ። ዛሬውኑ ያቁሙት።»

መብራት ያለው ማጉያ መነጽር አወጣችና ነጠብጣቦቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመረች። ቶሎ ቶሎ ታልፋቸዋለች። ከትንሿ ጣት አንጓ በታች ስትደርስ ግን ቆመች። እዚያ ያለችው ትልቅ አልነበረችም፤ ከብዙዎቹ ታንሳለች። ሐኪሟ መነጽሩን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች፣ እጁን ወደ ሌላ ጎን አዞረችና እንደገና አየች።

«ይቺ ከመቼ ጀምሮ ናት?»

«ለይቼ አላየኋትም። ባለፈው ወር ደምታ ነበር፤ የመኪናው በር ቧጭሮኝ ይሆናል ብዬ ተውኩት።»

«ጠርዟ የተቆራረጠ ነው፣ ቀለሟም አንድ አይደለም። ሐሙስ ጠዋት በሁለት ሰዓት ይምጡ፣ ቆርጠን እናስመርምራት። እጁን አደንዝዘን ነው፣ ብዙ ጊዜ አይወስድም።»

«መጥፎ ነው?»

«አላውቅም» አለች ሐኪሟ፣ ዓይን ዓይኗን እያየች። «መጥፎ ነው አላልኩም። አይደለም ብዬም ልሸኝዎት አልችልም። ሳላያት አልተዋትም፣ እሱን ነው የምለው። ሰው ይዘው ይምጡ።»

ሁለት ወረቀት ጻፈችላት። አንደኛው የእጇ ነጠብጣብ የማይተላለፍ መሆኑን ለሚመለከተው ሁሉ የሚገልጽ፣ ማኅተም ያለበት። ሁለተኛው የሐሙሱ ቀጠሮ። አሰልጣኟ ደረጃውን ስትወርድ አንደኛው ወረቀት ወደ ላይ፣ ሁለተኛው ወደ ታች የሚጎትታት መሰላት። አሸንፌያለሁ ብላ እንዳትደሰት ሐሙስ አለ፤ ሐሙስን ብቻ እያሰበች እንዳትፈራ ደግሞ ከፊቷ ሥራ አስኪያጁ አለ፣ ልጇ አለች። ምድር ቤት የነበረ ፋርማሲ ገብታ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ጠየቀች። ሻጩ ዋጋውን ሲነግራት እስቲ ድገምልኝ አለችው። ደገመላት፣ አልተቀየረም። ትንሿን ገዛች።

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ቆሞ አነበበ። «እንዲህ ከሆነማ አለቀ» አለ፣ ፊቱ በርቶ። «እኔ እኮ ብያለሁ። የባንኳን ልጅ ብቻ ነገ ፈተና ስላለባት ለሌላ አሰልጣኝ ሰጥቻታለሁ። የቀሩት ሰልጣኞችዎ እንዳሉ ናቸው።»

«ኮፒውን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ትለጥፈዋለህ» አለችው። «ቢሮህ ውስጥ ለሚያወሩት።»

«ይለጠፋል።» ከዚያ፣ ምናልባት አሁን ይህን ማድረግ ተገቢ ነው ብሎ አስቦ፣ እጁን ለሰላምታ ዘረጋላት። አሰልጣኟ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። አላስቀመጠችውም። «ሐሙስ አልገባም» ብላው ወጣች።

ቤት ስትደርስ አሥር ሰዓት ሆኗል። የልጇ ባል ገና አልገባም። ውሃው ይጠፋል ቢባልም ሳይጠፋ ውሏል። ልጇ ሳሎን ውስጥ የሕፃኗን ጨርቆች እያጣጠፈች ትቆልላለች። እናቷን በዚህ ሰዓት ስታይ ደነገጠች፣ ብድግም አለች፤ አሰልጣኟ ግን በእጇ ተቀመጪ አለቻትና ሁለቱን ወረቀቶች በጨርቆቹ አጠገብ አስቀመጠችላት።

«ምንድን ነው?»

«አንብቢ።»

ልጇ የመጀመሪያውን አነበበች። አንብባ ከጨረሰችም በኋላ ዓይኗን ከወረቀቱ ላይ አላነሳችም።

«ጠዋት መተላለፊያው ላይ ነበርኩ» አለች አሰልጣኟ። «ከእንግዲህ ባልሽን አትላኪብኝ። ምስኪን ስለ ውሃና ስለ ዝናብ አውርቶ ሄደ።»

ከልጇ አፍ ሳቅ የሚመስል ነገር አመለጠና መሃል ላይ ተሰብሮ ለቅሶ ሆነ። «ፈርቼ ነው እማ። ገና ሁለት ወሯ ነው። አንድ ነገር ብትሆንብኝስ ብዬ ነው።»

«መፍራትሽ አይደለም የገረመኝ። እኔም ስፈራ ነበር። ብትጠይቂኝ ኖሮ አብረን እንፈራ ነበር። አንቺ ግን ለይተሽ አስቀመጥሽኝ፣ በገዛ ቤቴ።»

 ከውጭ አንድ ሰው ብረት በር ሲዘጋ ተሰማ፣ ከላይ ፎቅ ደግሞ ወንበር ሲጎተት። ልጇ በእጆቿ ምን እንደምታደርግ ጠፍቷት አንዷን ጨርቅ አጠፈች፣ ዘረጋች፣ መልሳ አጠፈች።

«መላጡስ?» አለች በመጨረሻ። «እሱ ነው ያስፈራኝ። ነጠብጣቡንማ ከዱሮም አውቀዋለሁ።»

አሰልጣኟ ገና ክሊኒኩ ውስጥ ሳለች ይህን አልነግራትም ብላ ነበር። ሐኪሟንም ገዝቼ ነው ብላ የዋሸቻት ለዚያ ነው። አሁን ግን፣ ይቺ ልጅ ከምታጥፈው ጨርቅ ላይ ቀና ብላ ስታያት፣ እንደገና አንድ ነገር ተሸሽጎ ሁለቱም ዙሪያውን ሲሄዱ ታያት። «ቅባቱ ነው የላጠው» አለች።

«እኔ ያመጣሁት?»

«አንቺ ያመጣሽው። ለበጎ ነው ያመጣሽው፣ አውቃለሁ። ትጥዪዋለሽ፤ አንቺም ከሱ ገዝተሽ ከሆነ ያንንም ጥዪው።»

ልጇ ፊቷን በጨርቁ ሸፈነች። አሰልጣኟ ተነስታ ልታቅፋት ፈለገች፤ ግን ደግሞ አልፈለገችም፣ ወንበሯ ላይ ቀረች። ቁጣዋ ገና አልወጣላትም ነበር፤ ቶሎ ብላ ብታቅፋት ቁጣው ከውስጧ ሳይወጣ ሊቀር እንደሚችል ገብቷታል። ልጇ ፊቷን ጠርጋ፣ የምታየውን ነገር ፍለጋ ያህል፣ ሁለተኛውን ወረቀት አነሳች። አነበበችው። እንደገና ከላይ ጀምራ አነበበችው።

«እማ፣ ይሄ ምንድን ነው? ምኑ ነው የሚቆረጠው?»

«አንዷ ነጠብጣብ።»

«ለምን?»

«ልትታይ። ሐኪሟን አላማረቻትም።»

«የትኛዋ?»

አሰልጣኟ ቀኝ እጇን ዘርግታ ጨርቆቹ መሃል አሳረፈችው። «ፈልጊያት» አለች።

ልጇ እናቷን አየቻት፣ ከዚያ እጁን። መስኮቱ ጋ ያለውን መጋረጃ ገለጥ አደረገችና ወንበሯን አስጠጋች። መጀመሪያ ሳትነካው አጎንብሳ አየች። እናቷ አትረዳትም። ቆይታ፣ የእናቷን እጅ በሁለት እጇ ያዘችው፤ መዳፉን ከሥር ደግፋ ወደ ብርሃኑ ዘንበል አደረገችው። ጣቷ ከነጠብጣብ ወደ ነጠብጣብ ሄደ። «ይቺ?» አለች፣ አውራ ጣቷ አጠገብ ያለችውን ትልቋን። «አይደለችም» አለች እናቷ። «ይቺ?» «አይደለችም።» የተላጠው ቦታ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቀለል አለ፣ እንዳያማት እየተጠነቀቀች አለፈችው። ክንዷ ላይ ያሉትን አየች፣ ወደ አንጓዎቹ ተመለሰች። ይህን እጅ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ታውቀዋለች፤ በዚህ እጅ ታጥባለች፣ በዚህ እጅ ጸጉሯን ተጎንጉናለች፣ አንድ ሁለቴም በዚህ እጅ ተመትታለች። እንዲህ አድርጋ ግን አይታው አታውቅም። ከትንሿ ጣት በታች ስትደርስ ቆመች። ጣቷን እዚያች ላይ አሳረፈችና እናቷን ቀና ብላ አየች፤ እናቷም በዚህችኛዋ «አይደለችም» አላለችም።

ከሰፊው ክፍል ሕፃኗ ነቅታ አለቀሰች። ልጇ የእናቷን እጅ ጨርቆቹ ላይ በቀስታ መልሳ ተነሳች። የእጅ መታጠቢያው መተላለፊያው ላይ ነው፣ ወደ ሰፊው ክፍል የሚሄድ ሁሉ በፊቱ ነው የሚያልፈው። አሰልጣኟ፣ ልጇ እጇን ትታጠብ እንደሆን፣ ቧንቧው ሲከፈት፣ ውሃው ሲወርድ ለመስማት ጆሮዋን አቀናች። እርምጃው መተላለፊያው ላይ ገባ፣ መታጠቢያው ጋ ደረሰ፣ አለፈ። አልጋው ሲጢጥ አለ፤ ለቅሶው ቀነሰ።

ልጇ ሕፃኗን ታቅፋ ተመለሰች። እናቷ ፊት ቆማ «ሐሙስ አብሬሽ የምሄደው እኔ ነኝ» አለች። «እሷን አባቷ ሲፈልግ ሥራ ቀርቶ ይያዛት። አንቺ ብቻሽን አትገቢም።»

«ሁለት ሰዓት ነው። አትዘግዪብኝ።»

«አልዘገይም።»

ጎንበስ ብላ ሕፃኗን እናቷ ጭን ላይ አደረገቻት፤ ጭንቅላቷን በቀኙ ክንድ ላይ አስደግፋ። ሕፃኗ ለቅሶዋን አቋርጣ ከላይዋ ያለውን ፊት ተመለከተች። አሰልጣኟ ክንዷን አስተካከለች፣ ወንበሩ ላይ ጠለቅ ብላ ተቀመጠች። ከብዳለች። በዘጠኝ ቀን ይህን ያህል ትከብዳለች ብላ አላሰበችም ነበር።